መርከቧ ለምን ቶሎ ትነሣለች?
የወደብ ሰዓት ታሪክ፦ ከአዱሊስ እስከ ሳን ፍራንሲስኮ



በዚህ በቤይ ኤሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በመርከብ ሽርሽር መሄድ ከለመድን ቆይተናል። የጋብቻ በዓላቸውን የሚያከብሩ ባልና ሚስት፣ ልጅ ያስመረቁ ወላጆች፣ አንዳንዴም የጽዋ ማኅበርተኞች ገንዘብ አዋጥተው ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ አላስካ፣ ወደ ሜክሲኮ ወይም ወደ ሃዋይ ይጓዛሉ። ከዳብሊን ለሚነሣ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። በባርት ተሳፍሮ ኢምባርካዴሮ ይወርዳል፤ ከዚያ የባሕሩን ዳር ይዞ ጥቂት በእግሩ ቢሄድ ፒር 27 ይደርሳል። ከጉዞ ሲመለሱ የሚያነሡት ቅሬታ ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «ምግቡ ሞልቷል፣ አልጋው ምቹ ነው፤ አገሩን ግን በቅጡ ሳናየው ግቡ አሉን» ይላሉ። ጠዋት የደረሰችው መርከብ አመሻሹ ላይ ትነሣለች። በአንዳንዱ ወደብማ የምትቆየው አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ ነው።

ለመሆኑ ይህን ያህል ገንዘብ ተከፍሎ፣ ይህን ያህል ባሕር ተቋርጦ፣ ለምን እንዲህ ይቸኮላል? «የባለመርከቦቹ ስግብግብነት ነው» የሚሉ አሉ። አባባሉ እውነት አለበት፤ ነገሩ ግን በዚያ አያበቃም። መርከብ በወደብ የምትቆይበት ሰዓት ረጅም ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው። ያ ታሪክ ደግሞ ሀገራችንን በቀጥታ ይነካል። ጳጳስ ሰጥቶናል፤ ወራሪ አምጥቶብናል፤ በራብ ዘመን የእህል መድረስና አለመድረስ በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በዛሬው ጽሑፋችን ከሽርሽሩ ተነሥተን ይህንኑ ታሪክ እንቃኛለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነፋስ አዛዥ በነበረበት ዘመን

መርከብ በሸራ በሚሄድበት ዘመን «ስንት ሰዓት እንቆያለን?» ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ አልነበረም። ጥያቄው «ስንት ወር?» ነበር። በሕንድ ውቅያኖስና በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል ነፋሱ እንደ ወቅቱ አቅጣጫውን ይለውጣል። በአንደኛው ክፍለ ዘመን አንድ ግሪክኛ ጸሐፊ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ውቅያኖስ ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፣ ከግብፅ ወደ ሕንድ የሚሄዱ መርከቦች በሐምሌ ግድም መነሣት እንዳለባቸው ይመክራል። መመለሻው የበጋው ነፋስ ነው። ነፋሱ እስኪዞር ድረስ መርከቧ ታስራ፣ መርከበኛው ቤት ተከራይቶ ይቀመጣል።

ይኸው መጽሐፍ የእኛን ወደብ አዱሊስን ይጠቅሳል። የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የኤሊ ልብስ ከዚያ ይጫን እንደነበር፣ በአካባቢው የነገሠው ዞስካሌስም የግሪክ ትምህርት እንደነበረው ይናገራል። የቀይ ባሕር ንጉሥ ግሪክኛ ከየት ተማረ ቢባል፣ አንዱ መልስ ይህ የግድ ቆይታ ሳይሆን አይቀርም። ነፋስ ሲጠብቅ ወራት የሚቀመጥ ነጋዴ ቋንቋ ይማራል፣ ቋንቋ ያስተምራል፤ ያገባል፤ ይበደራል፤ ያበድራል፤ ሃይማኖቱን ይዞ ይመጣል። የወደብ ከተማ የተሠራው በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

በአራተኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አንዲት መርከብ በአካባቢው ለአጭር ጊዜ ቆመች። ሩፊኖስ የተባለው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ እንደመዘገበው፣ የጢሮሱ ሜሮፒዮስ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ይዞ ሲመለስ መርከቧ ለውሃና ለስንቅ ወደብ ያዘች። ሊቆሙ ያሰቡት እስኪቀዱ ብቻ ነበር። የአካባቢው ሰዎች ግን አደጋ ጥለው ከሁለቱ ልጆች በስተቀር ሁሉንም ገደሏቸው። ልጆቹ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙና ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። አንደኛው ፍሬምናጦስ ነው፤ በኋላ በእስክንድርያው ፓትርያርክ በአትናቴዎስ እጅ ተሹሞ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጳጳስ የሆነው፣ እኛም አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው አባታችን። ውሃ ለመቅዳት የቆመች መርከብ የአንድን ሀገር ታሪክ ለወጠች።

ከሰሉ ሲመጣ

የእንፋሎት መርከብ ነፋስን አይጠብቅም። ነገር ግን ከሰል ይበላል፤ የያዘው ሲያልቅ መጨመር አለበት። ስለዚህ በየተወሰነው ርቀት የከሰል መጋዘን ያስፈልገዋል። እንግሊዞች በ1839 ኤደንን የያዙት በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ያዙ፤ ለብዙ ዓመታት ግን አልተጠቀሙባትም። ከቻይና ጋር በተዋጉበት በ1880ዎቹ አጋማሽ እንግሊዞች በኤደን ለፈረንሳይ የጦር መርከቦች ከሰል አንሰጥም ሲሉ፣ ኦቦክን በጥድፊያ አቀኑ። ከዚያም ባሕሩን ተሻግረው የተሻለ ወደብ አገኙ፤ ጅቡቲ።

የሱዌዝ ቦይ የተከፈተው በኖቬምበር 17 ቀን 1869 ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው ኢጣሊያዊ የቀድሞ ሚሲዮናዊ፣ ሩባቲኖ ለተባለው የመርከብ ኩባንያ ከአካባቢው ሡልጣኖች አሰብ ላይ መሬት ገዛ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። በቦዩ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚያልፉ የኢጣሊያ መርከቦች ለጥቂት ሰዓት ቆመው ከሰልና ውሃ የሚሞሉበት ቦታ ይፈልጋሉ። በ1882 የኢጣሊያ መንግሥት ቦታውን ከኩባንያው ተረከበ። በፌብሩዋሪ 1885 ምጽዋን ያዘ። በጃንዋሪ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ገጠሙት። በ1896 ዓድዋ ሆነ።

አንባቢ ይህን ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። በሸራው ዘመን እንግዳው ወራት ይቀመጥ ስለነበር ከባለአገሩ ጋር መስማማት ነበረበት፤ ቤት የሚያከራየው፣ ምግብ የሚሸጥለት፣ ዳኝነት የሚሰጠው ባለአገሩ ነው። በእንፋሎቱ ዘመን የእንግዳው ቆይታ ወደ ጥቂት ሰዓታት አጠረ። እነዚያ ጥቂት ሰዓታት ግን በየሳምንቱ፣ ያለ መስተጓጎል፣ ያለ ድርድር መገኘት ነበረባቸው። ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ ወደቡን መያዝ አስፈለገ። ቆይታው አጠረ፤ ጣጣው ረዘመ።

መንገደኞችን በተመለከተም ዛሬ የምናውቀው የሰዓታት ጉብኝት ሥሩ እዚያ ዘመን ላይ ነው። ትልልቆቹ የመንገደኛ መርከቦች ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው ፖስታ ያመላልሱ ነበር፤ ውሉ የጊዜ ሰሌዳ ነበረው። ከሰል በሚጫንበት ሰዓት አቧራው ክፍል ውስጥ ሳይቀር ስለሚገባ መስኮት ሁሉ ይዘጋል፤ አቅም ያለው መንገደኛ እስኪያልቅ ድረስ ከተማ ወርዶ ይዞራል። በፖርት ሳይድ፣ በኤደንና በጅቡቲ ከመርከብ ለሚወርድ ሰው ብቻ ዕቃ የሚሸጥ ገበያ በዚህ ምክንያት ደራ። የመርከቧ ፉጨት ሲሰማ ገበያው ይበተናል።

የኛ ባቡር ጠባይ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ይገርማል። አዲስ አበባ በ1917 የደረሰው የጅቡቲው ባቡር በድሮው ዘመን ሌሊት አይሄድም ነበር። መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። ድሬዳዋ ደግሞ ይህን የአዳር እንግዳ ታስተናግድ ነበር። ጅቡቲ ላይ የምትቆመው መርከብ ግን በጀርባዋ የሌላ ሀገር ሰሌዳ ተሸክማ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1924 ወደ አውሮፓ ሲሄዱም፣ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በሜይ 1936 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ስደት ሲወጡም፣ ከወደቡ በኋላ ያለው ሰዓት የሌላ ነበር።

ሳጥኑና ኦክላንድ

አሁን ወደምንኖርበት አካባቢ እንመለስ። እስከ 1950ዎቹ ድረስ የጭነት መርከብ ከዕድሜዋ ግማሽ ያህሉን የምታሳልፈው ወደብ ላይ ቆማ ነበር። ቡናው በጆንያ፣ ጨርቁ በጥቅል፣ መጠጡ በሣጥን አንድ በአንድ በሰው ትከሻ ይወርዳል፣ ይወጣል። ዛሬ ምግብ ቤትና መዝናኛ የሆነው የኢምባርካዴሮ ዳርቻ ያን ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የወደብ ሠራተኞች የሚውሉበት ነበር። በ1934 የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው፣ ሁለት ሠራተኞች በፖሊስ ጥይት ሲገደሉ የሳን ፍራንሲስኮ ሠራተኛ በሙሉ ለአራት ቀን ከተማዋን ዘግቷታል።

በ1956 ማልኮም ማክሊን የተባለ የጭነት መኪናዎች ባለቤት 58 የብረት ሳጥኖችን መርከብ ላይ ጭኖ ከኒው ጀርሲ ወደ ቴክሳስ ላከ። በ1958 ማትሰን የተባለው ኩባንያ ከዚህ ከቤይ ኤሪያ 20 ሳጥን ወደ ሃዋይ አሻገረ። በ1962 ደግሞ የማክሊን ኩባንያ መርከብ ኦክላንድ ገባች። ኮንቴነር የምንለው ይህ ሳጥን የቀናትን ሥራ ወደ ሰዓታት አወረደው። ሳን ፍራንሲስኮ ቀጫጭን ፒሮቿን ይዛ ቀረች፤ ኮንቴነር የሚደረደርበት ሰፊ ሜዳ ያላት ኦክላንድ ወደቡን ወሰደች። ባርት ዌስት ኦክላንድ ሲደርስ በመስኮት የሚታዩት ግዙፍ ነጫጭ ክሬኖች የዚያ ውሳኔ ምልክት ናቸው።

የወደብ ሠራተኞቹ ማኅበር ግን በዚህ ጊዜ ያደረገው ነገር ሊጠና የሚገባው ነው። መሪው ሃሪ ብሪጅስ ሳጥኑን ማስቆም እንደማይቻል ተረዳ። በ1960 ከባለመርከቦቹ ጋር በተፈረመው ውል ማኅበሩ ማሽኑ እንዲገባ ፈቀደ፤ በምትኩ ባለመርከቦቹ ለሠራተኞቹ የገቢ ዋስትናና የጡረታ ድጎማ የሚሆን ገንዘብ እንዲከፍሉ አስገደደ። በሌላ አነጋገር ማኅበሩ «መርከቧ ቶሎ ስትነሣ የምትቆጥበው ሰዓት ገንዘብ ነው፤ ከዚያ ላይ ድርሻችን የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ውሉ ሁሉንም አልጠቀመም፤ ብዙ የሥራ ዕድል ጠፍቷል። ቢሆንም ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። ዛሬ የሽርሽር መርከቦች የሚነሡበት የፒር 27 ሕንጻ በ2014 ሲከፈት የተሰየመው ከብሪጅስ ቀጥሎ ማኅበሩን በመራው በጄምስ ኸርማን ስም ነው።

የሽርሽር መርከብ ሒሳብ

በ1958 ጄት አውሮፕላን አትላንቲክን መሻገር ሲጀምር የመንገደኛ መርከብ ሥራ አጣ። ከሞት የተረፈው መጓጓዣነቱን ትቶ ተንሳፋፊ ሆቴል በመሆን ነው። የዛሬ መርከብ በወደብ ጥቂት ብቻ የምትቆይባቸው ምክንያቶችም ከዚህ ይነሣሉ።

አንደኛው ገበያዋ ነው። የቲኬቱ ዋጋ መግቢያ ብቻ ነው፤ ትርፉ ያለው መጠጡ፣ ቁማር ቤቱና ሱቁ ላይ ነው። መርከቧ ወደብ ስትይዝ ግን በአብዛኛው ሀገር ቁማር ቤቱና ከቀረጥ ነፃ ሱቁ በሕግ ይዘጋሉ። መንገደኛውም ወርዶ ገንዘቡን ከተማ ያወጣል። ስለዚህ በወደብ ያለፈ ሌሊት ለባለመርከቡ የተዘጋ ሱቅ ነው። አንዳንድ ኩባንያዎች በባሃማስ የራሳቸውን ደሴት አዘጋጅተው መንገደኛውን እዚያ የሚያወርዱትም ገንዘቡ ከእጃቸው እንዳይወጣ ነው።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። መርከብ ፍጥነቷን በትንሹ ስትጨምር የሚያስፈልጋት ኃይል እጅግ ይጨምራል። በ18 ኖት የምትሄድ መርከብ ወደ 20 ኖት ብትወጣ ፍጥነቷ የጨመረው በ11 በመቶ ገደማ ነው፤ የሞተሩ ጉልበት ግን በግምት በ37 በመቶ መጨመር አለበት። አመሻሽ ላይ ተነሥታ ሌሊቱን ቀስ ብላ የምትጓዝ መርከብ ነገ ጠዋት በሰዓቷ ትደርሳለች። ሦስት ሰዓት አርፍዳ ብትነሣ ያንን ለማካካስ ነዳጅ ታቃጥላለች። የሰባት ቀን ጉዞ ደግሞ በሰባተኛው ቀን ጠዋት መመለስ አለበት፤ በዚያው ቀን ሌላ ሺዎች ሻንጣቸውን ይዘው ፒሩ ላይ ቆመዋል። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን የመርከብ ቀንን በደንብ ያውቁታል፤ ጠዋት አውራጅ፣ ቀትር ላይ ጫኝ፣ ማታ ባዶ ፒር።

ሦስተኛው የወደቡ ወጪና ወረፋ ነው። ማረፊያው በቀጠሮ ይያዛል፤ ክፍያው በመንገደኛ ቁጥርና በቆይታ ይሰላል። መርከቧ ስትቆምም መብራትና ማቀዝቀዣው አይቆምም። ሳን ፍራንሲስኮ በ2010 መርከቦች ሞተራቸውን አጥፍተው ከከተማው መብራት እንዲወስዱ የሚያስችል መስመር በፒር 27 ዘርግታለች፤ የጭሱ ጉዳት በየብስ ላለው ነዋሪ ስለሆነ ነው።

አራተኛው ሕግ ነው፤ ይህኛው በተለይ ስደተኛውን ይመለከታል። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ የውጭ ሀገር ባንዲራ ያላት መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላ የአሜሪካ ወደብ ብቻ እንዳታመላልስ ይከለክላል። ትልልቆቹ የሽርሽር መርከቦች ከሞላ ጎደል ሁሉም የባሃማስ፣ የፓናማ ወይም የመሰሉ ሀገሮችን ባንዲራ የያዙ ናቸው። ቅጣቱ በአንድ መንገደኛ ዛሬ ከ800 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ አላስካ ደርሳ የምትመለስ መርከብ የግድ አንድ የካናዳ ወደብ፣ ብዙ ጊዜ ቪክቶሪያን፣ መንካት አለባት፤ ወደ ሃዋይ የምትሄደው ደግሞ ኤንሴናዳ ሜክሲኮ ጎራ ትላለች። የሚፈለገው መንካቱ ነው፤ መቆየቱ አይደለም። ከሲያትል የሚነሡት ብዙዎቹ ቪክቶሪያ ማታ ገብተው እኩለ ሌሊት ግድም የሚወጡት ለዚህ ነው። በወረርሽኙ ጊዜ ካናዳ ወደቦቿን ስትዘጋ የአላስካ ጉዞ ቆመ፤ ኮንግሬሱ በሜይ 2021 ጊዜያዊ ሕግ አውጥቶ እስኪፈቅድ ድረስ። በተቃራኒው የአሜሪካ ባንዲራ ያላት «ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ» በሃዋይ ደሴቶች መካከል ስትዞር የውጭ ወደብ መንካት አያስፈልጋትም። ቁማር ቤትም የላትም። እርሷ በማዊና በካዋይ ወደቦች ታድራለች። መርከብ ማደር እንደምትችል ማስረጃው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ለወገኖቻችን አንድ ማሳሰቢያ አለን። ያቺ የአራት ሰዓት የቪክቶሪያ ማቆሚያ «አላስካ እኮ አሜሪካ ነው» ብሎ ለሚሳፈር ሰው ቀላል ነገር አይደለችም። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና ያልተወሰነለት ሰው ያለ ቅድሚያ የጉዞ ፈቃድ ከአሜሪካ ቢወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ከመርከቧ ሳይወርድ ክፍሉ ተኝቶ ቢያመሽም መርከቧ ካናዳ ገብታለች። ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን ፓስፖርቱ ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ማየት አለበት። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ጠበቃ መጠየቅ ነው የሚበጀው። ልጆች ለአባትና ለእናት በስጦታ የሚቆርጡት ቲኬትም ይህን ጥያቄ ይመለከታል።

አምስተኛው ምክንያት የባለአገሩ ድካም ነው። አበው የእንግዳ ፊት በመጀመሪያ ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላም ብረት ይሆናል ይላሉ። የአላስካዋ ጁኖ ነዋሪዋ ከ30 ሺህ ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ቀን ግን ከነዋሪዋ ግማሽ የሚሆን እንግዳ ሊወርድባት ይችላል። ከተማዋ ከ2024 ጀምሮ በቀን ከአምስት ትልልቅ መርከቦች በላይ እንዳይገቡ ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች። ቬኒስ በ2021 ግዙፍ መርከቦችን ከመካከለኛው ቦይዋ አስወጥታለች። እነዚህ ከተሞች የተማሩት ነገር አለ። ስምንት ሰዓት የሚቆይ እንግዳ ምሳውን በመርከቧ ይበላል፣ በመርከቧ ይተኛል፤ ለከተማው የሚተወው የቲሸርት ዋጋና ቆሻሻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ወይ ቁጥሩን ይወስናሉ፣ ወይ ቀረጥ ይጥላሉ።

ስትቆይስ ማን ይከፍላል?

እስካሁን ያየነው መርከብ ቶሎ ስትነሣ ቅር የሚለውን መንገደኛ ነው። የኛ ሀገር ሕዝብ የሚያውቀው ችግር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። መርከብ ስትዘገይ የሚደርሰውን ጉዳት እናውቃለን።

በ1984 እና በ1985 በነበረው ታላቅ ራብ ዓለም እህል ሲልክ አሰብ፣ ምጽዋና ጅቡቲ መርከብ ተጨናነቀባቸው። አሰብ ላይ እህሉ ከመርከብ ቢወርድም ወደ ወሎና ወደ ሌላው ክፍለ ሀገር የሚያደርስ መኪና አልበቃም፤ ጆንያው ወደቡ ላይ ተከምሮ ከረመ። ኮረም ላይ ሰው በሚያልቅበት ሰዓት ስንዴው ባሕር ዳር ነበር። በ2015 እና በ2016 ድርቅ ሲመጣም የስንዴ መርከቦች ከማዳበሪያ መርከቦች ጋር ጅቡቲ ላይ ወረፋ ይዘው ቆሙ። መርከብ ከውሏ በላይ ስትቆም በየቀኑ የመዘግየት ቅጣት ይቆጠራል፤ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ደግሞ ዳቦ ገዢው ነው።

መርከብ ጨርሶ ስትቀርም አይተናል። የሱዌዝ ቦይ ከ1967 እስከ 1975 ሲዘጋ በአላፊ መርከብ ይኖሩ የነበሩት ኤደንና ጅቡቲ ገበያቸው ቀዘቀዘ። በሜይ 1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ የኢትዮጵያ ጭነት ከአሰብ ጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ አሰብ መርከብ የማይመጣባት ወደብ ሆነች። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲደርስ ብዙዎቹ በደቡብ አፍሪካ በኩል ዞሩ። ጭነት የሚልክም የሚቀበልም ዋጋውን ቀምሷል።

ኢትዮጵያ ባሕር አልባ ሆና እንኳ የመርከብ ሀገር ናት። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ድርጅት በዘመናት መካከል ስሙና አደረጃጀቱ ቢለዋወጥም፣ በ1964 የተመሠረተው የመርከብ ኩባንያችን ወራሽ ሆኖ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛም ከጣና ዳር የመርከብ መሐንዲሶችን እያስመረቀ ወደ ዓለም መርከቦች ይልካል። እነዚያ ልጆች ሮተርዳምን፣ ሲንጋፖርን፣ ምናልባትም ይህችን ኦክላንድን ያዩ ይሆናል፤ ግን ለጥቂት ሰዓት ነው። የኮንቴነር መርከብ ሠራተኛ ከወደቡ አጥር ሳይወጣ ብዙ ጊዜ ይነሣል። መርከብ ቶሎ በመነሣቷ ከመንገደኛው ይልቅ ብዙ የሚያጣው እርሱ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? የወደብ ሰዓት በተፈጥሮ የተወሰነ ነገር አለመሆኑን ነው። በአንድ ወቅት ነፋስ ወሰነው፤ ቀጥሎ ከሰል፤ ቀጥሎ ሳጥን፤ ዛሬ ነዳጅ፣ ሕግና የቁማር ቤት በር። በየጊዜው ሰዓቱ ሲለወጥ አንዱ ያተርፋል፣ ሌላው ይከፍላል። የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ ሠራተኞች በ1960 የተቆጠበውን ሰዓት ድርሻ ጠየቁ፤ ቢያንስ ከፊሉን አገኙ። ጁኖና ቬኒስ ጠየቁ፤ አገኙ። በ1869 አሰብ ላይ መሬት የሸጡት ሡልጣኖች ግን የሸጡት መሬት እንጂ የመርከብ ሰዓት መሆኑን የነገራቸው አልነበረም።

ዛሬ ኢትዮጵያውያን በየቡናው ቤትና በየስብሰባው ስለ ወደብ ብዙ ይከራከራሉ። ክርክሩ «ወደቡ የማን ነው?» በሚለው ላይ ያተኩራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ከጎኑ ሌላ ጥያቄ ቢቀመጥ መልካም ነው እንላለን፤ መርከቧ ስንት ቀን ትቆማለች? የቆመችበትን ማን ይከፍላል? እህሉ ከወረደ በኋላ መኪናውና ባቡሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ወይ? በ1985 ወደቦቹ የእኛ ነበሩ፤ እህሉ ግን አልደረሰም።

በመጪው በጋ ለመሳፈር ያሰባችሁ ወገኖቻችን መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ። ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በመርከቧ ሰዓት እንጂ በሐበሻ ቀጠሮ አትመለሱ፤ ትታችሁ ትሄዳለችና።

ቸር ይግጠመን።